ከእርሳስ እስከ ግራፊን፤ የካርቦን ናኖ መዋቅሮች ኤሌክትሮኬሚካላዊ አስተፃምሮና የአማርኛ ሙያዊ ቃላቱ

1. መነሻ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ የሳይንስ ጽሑፍ ረቂቅ በቋንቋ በኩል እንዲገመግም ተጠይቆ ነበር። በረቂቁ ውስጥ «የተቀነሰ የግራፊን ኦክሳይድ በካቶዱ ላይ እንደ ፊልም ተቀመጠ» የሚል ዐረፍተ ነገር ይገኛል። ዐረፍተ ነገሩ ሰዋስዋዊ ጉድለት የለበትም፤ ቃላቱም አንድ በአንድ ሲታዩ እንግዳ አይደሉም። ሆኖም ረቂቁ ለሙከራ ያህል እንዲያነበው የተሰጠው አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አንብቦ ሲያበቃ «ከስንት ግራም ወደ ስንት ግራም ነው የተቀነሰው?» ሲል ጠየቀ።

ጥያቄው ተገቢ ነበር። «የተቀነሰ» የሚለው ቃል በአማርኛ የሚያመለክተው መጠን ነው፤ በመነሻው ቋንቋ ግን የተነገረው ስለ መጠን ሳይሆን ስለ አንድ ኬሚካላዊ ለውጥ ነበር። ተርጓሚው መዝገበ ቃላት ገልጦ የመጀመሪያውን ፍቺ ወስዷል፤ ተማሪውም ቋንቋው እንደሚያዝዘው ተረድቶታል። ከሁለቱም ወገን ስንፍና አልታየም፤ ያልተገኘው በመካከላቸው ሊቆም የሚገባው ሙያዊ ቃል ነው።

ይህ ጽሑፍ ያን ክፍተት በአንድ ጠባብ መስክ ለመመርመር የታለመ ነው። የተመረጠው መስክ በኤሌክትሪክ ኃይል አማካይነት ከካርቦን እጅግ ጥቃቅን መዋቅሮችን የመሥራት ጥበብ፣ በተለይም ግራፊን በሚባለው የካርቦን ሉህ ላይ የሚከናወነው ነው። የተመረጠበትም ምክንያት፣ በመስኩ የሚያገለግሉት ስሞች ከ1789 እስከ 1986 ባሉት ዓመታት በየተራ የተሰየሙ፣ አንዳንዶቹም በብዙ ክርክር የተገኙ በመሆናቸው ነው። የእነርሱ ታሪክ ለእኛ ሥራ ትምህርት አለው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል ያስፈልጋል።

2. ሂደቱ በአጭሩ

ስለ ቃላቱ ከመነጋገራችን በፊት ነገሩን ማወቅ ተገቢ ነው፤ ነገሩን ሳያውቁ ቃል መሰየም ፊቱን ላላዩት ሕፃን ስም እንደ ማውጣት ይቆጠራልና።

ግራፋይት የካርቦን አቶሞች በንብር በንብር ተደራርበው የሚገኙበት ማዕድን ነው። በእያንዳንዱ ንብር ውስጥ አቶሞቹ ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳዎችን እየሠሩ ስለ ተያያዙ መልኩ የማር እንጀራን ይመስላል። በአንድ ንብር ውስጥ በሁለት ጎረቤት አቶሞች መካከል ያለው ርቀት 0.142 ናኖ ሜትር ሲሆን፣ በንብርና በንብር መካከል ያለው ግን 0.335 ናኖ ሜትር ነው። አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ስለዚህ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ግራፋይት ውስጥ 3 ሚሊዮን ያህል ንብሮች ይገኛሉ። በአንድ ንብር ውስጥ ያለው ትስስር እጅግ ጽኑ፣ በንብሮች መካከል ያለው ግን ደካማ ነው። እርሳስ ወረቀት ላይ ሲፋቅ ምልክት የሚተወው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ንብሮቹ እየተንሸራተቱ ይቀራሉ። ከእነዚህ ንብሮች አንዱ ለብቻው ሲወሰድ ግራፊን ይባላል።

ኤሌክትሪክ በዚህ መስክ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ሥራ ይሠራል። የመጀመሪያው መላጥ ነው። የግራፋይት ዘንግ አኖድ ሆኖ የሰልፌት አዮኖች ባሉበት የውሃ ሙሙት ውስጥ ይነከርና 10 ቮልት ገደማ ይሰጠዋል። አዮኖቹና ውሃው በንብሮቹ መካከል ይገባሉ፤ በዚያም የሚፈጠረው ጋዝ ንብሮቹን ከውስጥ እየገፋ ይለያያቸዋል።

ሁለተኛው ኦክስጅንን ማስወገድ ነው። ግራፋይት በብርቱ አሲዶችና በኦክስጅን ሰጪ ውሁዶች ሲታከም ኦክስጅን የተሸከሙ ንብሮች ይገኛሉ። ይህን ሥራ የኦክስፎርዱ ኬሚስት ቤንጃሚን ብሮዲ በ1859 አሳይቷል፤ በ1958 ሐመርስና ኦፍማን ያወጡት ዘዴ ደግሞ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ከዚህ የሚገኘው የግራፊን ኦክሳይድ በውሃ ውስጥ ተበትኖ በካቶድ ዘንድ ኤሌክትሮኖችን ሲቀበል የኦክስጅኑን ብዙ ክፍል ይለቅቅና በካቶዱ ገጽ ላይ ይለበጣል።

ሦስተኛው ማብቀል ነው። በ1995 በእንግሊዝ አገር በሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች በቀለጠ የሊቲየም ክሎራይድ ጨው ውስጥ በግራፋይት ኤሌክትሮዶች የኤሌክትሪክ ፍሰት በማሳለፍ የካርቦን ናኖ ቱቦዎችን አገኙ። በ2015 ደግሞ በዋሽንግተን በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የስቱዋርት ሊክት የምርምር ቡድን በቀለጠ የሊቲየም ካርቦኔት ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በመከፋፈል በብረት ካቶድ ላይ የካርቦን ናኖ ቃጫዎችን ማብቀሉን አስታወቀ። ጨው የሚቀልጠው በ723 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በካቶዱ ዘንድ ካርቦን፣ በአኖዱ ዘንድ ኦክስጅን ይገኛል፤ በቅልጡ ውስጥ የሚቀረው የሊቲየም ኦክሳይድ አዲስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውጦ ወደ ካርቦኔትነት ይመለሳል። አንድ የካርቦን አቶም ለማግኘት አራት ኤሌክትሮኖች ያስፈልጋሉ። በዚህ ስሌት፣ ምንም ብክነት ባይኖር፣ በ10 አምፔር ፍሰት 12 ግራም ካርቦን ለማግኘት 10.7 ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ካቶዱ በግራፊን የተለበጠ በሆነ ጊዜ አዲሱ ካርቦን የሚያርፈው በግራፊኑ ገጽ ላይ ነው፤ የሉሁ ጠርዞችና ጉድለት ያለባቸው ስፍራዎችም ለብቅለቱ መነሻ ይሆናሉ። የርእሳችን ዋና ጉዳይ ይኸው ነው።

3. «ከሰል»፣ «እርሳስ» እና «ግራፋይት»

«ካርቦን» የሚለው ስም ከላቲን የመጣ ሲሆን መነሻው ከሰል ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ካርቦንን በአማርኛ «ከሰል» ብንለው ምን ይጎድላል ይል ይሆናል። የሚጎድለው ይህ ነው፤ አልማዝም ካርቦን ነው፤ አልማዝን ግን ከሰል የሚል አማርኛ ተናጋሪ የለም። ከሰል ካርቦን የሚገኝበት አንዱ መልክ እንጂ ንጥረ ነገሩ ራሱ አይደለም። ላቲኑ ቃል ለሳይንስ ሲያገለግል ከምድጃው ተለይቶ ስለ ነበር ችግር አልፈጠረም፤ የእኛው «ከሰል» ግን ዛሬም በየማድቤቱ አለ። ስለዚህ «ካርቦን» እንደ ተወሰደ መቆየቱ የሚደገፍ ነው።

የ«እርሳስ» ነገር ከዚህ የከፋ ነው። በአማርኛ እርሳስ የብረታ ብረት ወገን የሆነው፣ ከባዱና መርዛማው ንጥረ ነገር ነው፤ ዳግመኛም የምንጽፍበት መሣሪያ ነው። በመጻፊያው ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግን ከእርሳሱ ብረት ጋር ዝምድና የለውም፤ ግራፋይት ነው። ይህ ስሕተት የእኛ ብቻ አይደለም። ጀርመንኛም መጻፊያውን በእርሳሱ ብረት ስም ይጠራዋል፤ ዐረብኛም እንዲሁ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር ግራፋይት በብዛት ሲገኝ ሰዎች የእርሳስ ዓይነት መስሏቸው ነበር። በ1779 ስዊድናዊው ካርል ሼሌ ካርቦን መሆኑን አሳየ፤ በ1789 ደግሞ ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ አብርሃም ቬርነር መጻፍ ከሚለው የግሪክ ግሥ «ግራፋይት» ሲል ሰየመው። ቬርነር ስሙን የሠራው ከነገሩ አገልግሎት ነው፤ በዚህም ማዕድኑን ከሐሰተኛ ዘመዱ አላቀቀው።

ለተርጓሚው ያለው መመሪያ ቀጥተኛ ነው። በዕለታዊ ንግግር «እርሳስ» መጻፊያ ሆኖ ይቀጥል፤ ልማድን በዐዋጅ መሻር አይቻልም። በሳይንስ ጽሑፍ ግን ስለ መጻፊያው ጥቁር እምብርት ሲነገር «ግራፋይት» እንጂ «እርሳስ» መባል የለበትም። አንድ መምህር «ከእርሳስ ኤሌክትሮድ ሥሩ» የሚል መመሪያ ቢያነብ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮችን ሊያቀርብ ይችላል፤ አንደኛው መርዝ ነው።

4. «ግራፊን»

ቃሉ ከነገሩ ቀድሞ የተገኘበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ «ግራፊን» ግን ከእነዚያ አንዱ ነው። በ1986 ቦም፣ ሴቶንና ሽቱምፕ የተባሉ ኬሚስቶች ለአንዱ የግራፋይት ንብር ይህን ስም አቀረቡ። ግንዱን ከግራፋይት፣ መድረሻውን ደግሞ ባለ ስድስት ጎን ቀለበቶች ከተያያዙባቸው ከናፍታሊንና ከአንትራሲን ስሞች ወሰዱ። የኬሚስቶች ዓለም አቀፍ ኅብረት በ1995 ባወጣው የስያሜ ምክር ስሙን ተቀበለ። አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በማንቸስተር በማጣበቂያ ፕላስተር ግራፋይትን ደጋግመው በመላጥ አንዱን ንብር ለይተው ጠባዩን ያስታወቁት በ2004 ነው፤ በ2010ም የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

የዓለም አቀፉ ኅብረት ምክር ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። ኅብረቱ «የግራፋይት ንብር» የሚለው አጠራር ለአንድ ንብር ተገቢ አይደለም ይላል፤ ግራፋይት የሚለው ስም ራሱ በሦስት አቅጣጫ የተደረደረ አካልን የሚያመለክት ነውና። እንግዲህ «ነጠላ ግራፋይት» የሚል ትርጉም ያቀረበ ሰው የገዛ ራሱን የሚያፈርስ ስም አቅርቧል ማለት ነው። «እንጨት» ማለት ደንን እንደማይተካ ሁሉ፣ ግራፊንን የሚያህል አዲስ ስም ያስፈለገው ለዚህ ነበር። ስለሆነም ቃሉን መዋስ የተሻለው መንገድ ነው።

ስንዋስ ግን በምን ፊደል? «ግራፊን» እና «ግራፌን» ሁለቱም በጽሑፍ ይታያሉ። የመጀመሪያው ከእንግሊዝኛው፣ ሁለተኛው ከጀርመንኛው ንባብ የተወሰደ ነው። አንድ የሰዋስው ነጥብ ምርጫውን ያቀልልናል። በአማርኛ «ግራፍ» የሚባለው የሥዕላዊ መግለጫ ስም አስቀድሞ ገብቷል። «ግራፌ» የእኔ ግራፍ ነው፤ ተሳቢ ሲሆን «ግራፌን» ይሆናል። «ግራፌን አየ» የሚለው ዐረፍተ ነገር እንግዲህ ተማሪው የሠራሁትን ግራፍ መመልከቱን ነው ወይስ የካርቦኑን ሉህ? «ግራፊን» ከዚህ መደናገር ነጻ ነው። ሆኖም በ«ን» ስለሚያበቃ፣ ተሳቢ ሲሆን «ግራፊንን» ተብሎ ሁለት «ን» መያዝ ይኖርበታል፤ «ካርቦንን» እንደምንል ማለት ነው። አራሚዎች ሁለተኛውን «ን» የእጅ ስሕተት መስሏቸው እንዳይሰርዙት ማሳሰብ ያስፈልጋል።

5. «አኖድ» እና «ካቶድ»

ከዚህ ቀደም በተጠቀሰው ረቂቅ ውስጥ ሌላም ነገር ነበረ። ተርጓሚው «ካቶድ» የሚለውን ቃል ባዕድ ነው በማለት «አሉታዊ ጫፍ»፣ «አኖድ»ንም «አዎንታዊ ጫፍ» ብሎ መልሶታል። ይህ አተረጓጎም ኤሌክትሪክ ከውጭ እየተሰጠ ለሚካሄደው መከፋፈል ይስማማል። ባትሪ ኤሌክትሪክ ሲሰጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የባትሪው ካቶድ አዎንታዊ፣ አኖዱ አሉታዊ ነው። በዚህም የተነሣ በረቂቁ የባትሪ ምዕራፍ «በባትሪ ውስጥ አሉታዊው ጫፍ አዎንታዊ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ተወልዷል። ተርጓሚው ታማኝ ሰው ስለ ነበር ዐረፍተ ነገሩን አልሸሸውም፤ የራሱ ስያሜ ወደዚያ ወሰደው እንጂ።

የእነዚህ ቃላት አመጣጥ ለተሰያሚ ሁሉ ሊነገር የሚገባው ነው። ማይክል ፋራዴይ በ1834 ስለ ኤሌክትሪካዊ መከፋፈል የደረሰበትን ሲጽፍ «ምሰሶ» የሚለው የተለመደው አጠራር አስቸገረው፤ ቃሉ ጫፎቹ እንደ መግነጢስ አዮኖችን ይስባሉ የሚል ያልተረጋገጠ ሐሳብ በውስጡ ይዞ ነበርና። ስለዚህ በካምብሪጅ የሥላሴ ኮሌጅ መምህር ለነበረው ለዊልያም ዊውኤል ጽፎ ምክር ጠየቀ። ከታሰቡት ስሞች መካከል ምሥራቅንና ምዕራብን የሚጠቅሱ ይገኙባቸው ነበር። ዊውኤል «አኖድ»ንና «ካቶድ»ን መረጠ፤ አንዱ በግሪክ ወደ ላይ የሚወጣ መንገድ፣ ሌላው ወደ ታች የሚወርድ መንገድ ማለት ነው። ፋራዴይ ሲያብራራው ፍሰቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ፀሐይ በምትሄድበት አቅጣጫ ቢሄድ፣ የሚገባበት ገጽ ፀሐይ የምትወጣበት፣ የሚወጣበት ገጽ ፀሐይ የምትጠልቅበት ይሆናል አለ።

አማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባዋል። «ምሥራቅ» የሚለው ስም «ሠረቀ»፣ ወጣ፣ ከሚለው ግሥ የተገኘ ሲሆን መውጫ ማለት ነው፤ «ምዕራብ»ም «ዐረበ»፣ ገባ፣ ጠለቀ፣ ከሚለው የተገኘ መጥለቂያ ነው። እንግዲህ ዊውኤል ከግሪክ የቀዳው ሥዕል በግእዝ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የተቀመጠ ነው። ታዲያ አኖድን «ምሥራቃዊ»፣ ካቶድን «ምዕራባዊ» እንበላቸውን? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሐሳቡ አምሮት እንደ ነበር አይሸሽግም፤ ነገር ግን አይደግፈውም። ግሪኩ ሥዕል ለእንግሊዙ አንባቢ የተሸፈነ ስለሆነ አያሳስተውም፤ የእኛ «ምሥራቅ» ግን ግልጥ ነው፤ ተማሪው ኮምፓስ ይዞ ኤሌክትሮዱን ሊያዞር ይችላል።

ፋራዴይ የፈለገው ስለ ኤሌክትሪክ ምንነት የሚታመነው ቢለወጥ እንኳ የማይጎዳ ስም ነበር፤ ያገኘውም ይህንኑ ነው። ኤሌክትሮን በ1897 ሲታወቅና አሉታዊ ቻርጁን ይዞ በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚሄድ ሲታወቅ፣ ሁለቱ ቃላት አልተናጉም። እኛም «አኖድ»ና «ካቶድ»ን እንደ ወረዱ ወስደን፣ ፍቺያቸውን ከምልክት ሳይሆን ከተግባር ብንሰጥ ይበጃል፤ አኖድ ኤሌክትሮኖች ከሙሙቱ ወይም ከቅልጡ የሚወሰዱበት፣ ካቶድ ለእርሱ የሚሰጡበት ኤሌክትሮድ ነው። ይህ ፍቺ በባትሪም በመከፋፈያም እውነት ነው።

6. «ቅነሳ»

አሁን ወደ ተማሪው ጥያቄ እንመለስ። በአውሮፓ ቋንቋዎች ኤሌክትሮን መቀበልን የሚገልጸው ቃል ከላቲን የተገኘ ሲሆን መነሻው ወደ ኋላ መመለስ ማለት ነው። ቃሉን ያስለመዱት አንጥረኞችና ማዕድን አቅላጮች ናቸው፤ ከአፈር የተደባለቀ ማዕድን በከሰል እሳት ወደ ንጹሕ ብረትነት ሲመለስ ይሉት ነበር። ኋላም ብረቱ የሚያጣው ኦክስጅን መሆኑ ታወቀ፤ ቀጥሎም የነገሩ ሥር የኤሌክትሮን መቀበል መሆኑ ተገለጠ። ቃሉ ግን በሌላ መንገድ በዕለታዊ ንግግር የማነስ ትርጉም ይዞ ነበር። ተርጓሚው ያገኘው ይህንኛውን ነው። ውጤቱም ትርጉሙን መገልበጥ ሆነ፤ አንድ አቶም ኤሌክትሮን ሲጨመርለት «ተቀነሰ» ተባለ።

ለዚህ ሁለት መፍትሔዎች ይቀርባሉ። የሂደቱ ጠቅላላ ስም ሲያስፈልግ «ሪደክሽን» የሚለውን ከጓደኛው ከ«ኦክሲዴሽን» ጋር አጣምሮ መዋስ፤ ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው የሚሄዱ ስለሆኑ አንዱን ተርጉሞ ሌላውን መዋስ አይገባም። ሁለተኛው፣ የነገሩ ስም በሚሆንበት ጊዜ የተቀነሰው ምን እንደ ሆነ መናገር ነው። «የተቀነሰ የግራፊን ኦክሳይድ» ከማለት «ኦክስጅኑ የተቀነሰለት የግራፊን ኦክሳይድ» ብንል አንድ ቃል ብቻ በመጨመር እውነቱን እንናገራለን። አማርኛ ባለቤቱንና ተሳቢውን በግልጽ የሚፈልግ ቋንቋ ነው፤ ያላገኘ እንደሆነ አንባቢው በገዛ እጁ ይሞላዋል፤ ያም ተማሪ ያደረገው ይህንኑ ነው።

7. ቋንቋው ራሱ የለያቸው

እስካሁን መዋስ የሚሻልባቸውን አየን። ከዚህ ቀጥሎ አማርኛ የራሱን ቃል በሙሉ እምነት ሊያቀርብ የሚችልባቸውን እንመለከታለን።

«መሟሟት» እና «መቅለጥ» በብዙ ትርጉሞች ውስጥ ተደበላልቀው ይገኛሉ፤ በማድቤት ግን ማንም አያደባልቃቸውም። ጨው በውሃ ይሟሟል፤ ቅቤ በእሳት ይቀልጣል። በሳይንስም ልዩነቱ ይኸው ነው። ሰልፌቱ በውሃ ሲሟሟ «ሙሙት»፣ ሊቲየም ካርቦኔቱ በሙቀት ሲቀልጥ «ቅልጥ» ይባል። ሁለተኛው ሥራ ከ700 ዲግሪ በላይ የሚካሄድ ነውና «በጨው ሙሙት ውስጥ» ብሎ መተርጎም ተራ የቃል ግድፈት ሳይሆን ምድጃውን ማጥፋት ነው።

«ሽፋን» የሚለው ቃልም ከአቅሙ በላይ ሸክም ተጭኖበታል። በመነሻ ቋንቋዎች በአራት ልዩ ልዩ ቃላት የሚገለጹ ነገሮች ሁሉ በአማርኛ «ሽፋን» ሲባሉ ይታያል። የሚከተለው ክፍፍል ይቀርባል። ከብዙ ተደራራቢዎች አንዱ ሲሆን «ንብር»፤ ለብቻው የቆመ ጠፍጣፋ ሲሆን «ሉህ»፤ በሌላ አካል ገጽ ላይ ተጣብቆ የሚገኝ ሲሆን «ልባጥ»። ሉህ ለወረቀት እንደሚነገር የታወቀ ነው፤ አንድ አቶም ብቻ የሚወፍረውን ግራፊን ለመግለጽ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ልባጥ ደግሞ የአንጥረኞች ቃል ነው፤ ብር በወርቅ ይለበጣል። አንዳንድ ተርጓሚዎች በካቶድ ላይ የሚያርፈውን «ዝቃጭ» ይሉታል፤ ዝቃጭ ግን በክብደቱ ወደ ታች የሚሰጥም ነው። በካቶድ የሚለበጠው የሚሄደው በኤሌክትሪክ እንጂ በክብደቱ አይደለም፤ ካቶዱ ከላይም ቢሆን ያርፍበታል።

ንብሮችን ከግራፋይት መለየት «ልጠት» ይባል። ከዚሁ ግሥ «ልጣጭ» የሚል ስም አለን፤ ነገር ግን ልጣጭ የሚጣለው ክፍል ነው፤ እዚህ የሚፈለገው የተላጠው ራሱ ስለሆነ፣ የሂደቱ ስም ልጠት፣ የውጤቱ ስም ሉህ መሆን አለበት። ቱቦዎችና ቃጫዎች በገጽ ላይ ሲወጡ «ብቅለት» ማለት ተገቢ ነው፤ «በቀል» የሚለው ስም በቂምና ብድር ትርጉም ስለ ተያዘ አይመረጥም።

«ናኖ» በግሪክ ድንክ ማለት ነው፤ ቢሆንም በ1960 የዓለም አቀፉ የመለኪያ ሥርዓት አካል ከሆነ ወዲህ ቢሊዮንኛ የሚል ቁርጥ ያለ ልክ ይዟል። «ድንክ ቱቦ» ትንሽነትን እንጂ ልክን አይናገርም፤ ስለዚህ «ናኖ ቱቦ» ይባል።

8. «ላይ» እና «አስተፃምሮ»

ከቃላቱ ሁሉ ትንሹ «ላይ» ነው፤ የሚያሳስተውም እርሱ ነው። «በግራፊን ላይ የተደረገ አስተፃምሮ» ሲባል ግራፊን ስፍራ ነው ወይስ የሥራው ተቀባይ? «በሕዝብ ላይ የተደረገ ጥናት» ስንል ሕዝቡ የጥናቱ ርእስ እንጂ የጥናቱ ወለል አይደለም። አማርኛ «ላይ»ን ለሁለቱም ይጠቀማል። አንድ ቃል መጨመር ችግሩን ይፈታል፤ «በግራፊን ገጽ ላይ» ሲባል ስፍራው ይታወቃል።

ስለ «አስተፃምሮ» ብዙ መናገር አያስፈልግም። «ብርሃን አስተፃምሮ» በትምህርት ቤት መጻሕፍት አማካይነት ሥር ሰድዷል፤ ተማሪ ሁሉ ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን እንደሚሠራ በዚህ ስም ያውቃል። ሥሩ «ፀመረ»፣ አጣመረ፣ አገናኘ፣ የሚለው የግእዝ ግሥ ነው። በብርሃን የሚሆነው «ብርሃን አስተፃምሮ» ከተባለ፣ በኤሌክትሪክ የሚሆነው «ኤሌክትሮኬሚካላዊ አስተፃምሮ» መባሉ የቋንቋውን መንገድ የተከተለ ነው። በሁለቱም መነሻው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊሆን መቻሉ ደግሞ ለመምህሩ መልካም ማነጻጸሪያ ይሆንለታል።

9. የቀረቡት ቃላት

ግራፋይት፦ የካርቦን ንብሮች የተደራረቡበት ማዕድን፤ የመጻፊያ እርሳስ ጥቁር እምብርት።
ግራፊን፦ አንድ አቶም ብቻ የሚወፍር፣ የማር እንጀራ መልክ ያለው የካርቦን ሉህ።
አኖድ፦ ኤሌክትሮኖች ከሙሙት ወይም ከቅልጥ የሚወሰዱበት ኤሌክትሮድ።
ካቶድ፦ ኤሌክትሮኖች ለሙሙት ወይም ለቅልጥ የሚሰጡበት ኤሌክትሮድ።
ሪደክሽን፦ ኤሌክትሮን መቀበል፤ ተቃራኒው ኦክሲዴሽን።
ሙሙት፦ አንድ ነገር በሌላው ውስጥ ሲሟሟ የሚገኝ።
ቅልጥ፦ ጠጣር ነገር በሙቀት ሲቀልጥ የሚገኝ ፈሳሽ።
ንብር፦ ከተደራረቡት አንዱ።
ሉህ፦ ለብቻው የቆመ ስስ ጠፍጣፋ።
ልባጥ፦ በሌላ አካል ገጽ ላይ የተጣበቀ ስስ ንጣፍ።
ልጠት፦ ንብሮችን ከተደራረቡበት መለየት።
ብቅለት፦ መዋቅር ከአንድ ገጽ ተነሥቶ ማደጉ።
ናኖ መዋቅር፦ መጠኑ በናኖ ሜትር የሚለካ መዋቅር፤ እንደ ናኖ ቱቦና ናኖ ቃጫ ያለ።
አስተፃምሮ፦ ከቀላል ነገሮች አዲስ ውሁድ ወይም መዋቅር መሥራት።

10. መደምደሚያ

ከላይ የተባለው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ሊጠቃለል ይችላል። መዋስና መተርጎም ከሁለት አንዱን ለዘለዓለም የምንመርጥባቸው መንገዶች አይደሉም። «ካቶድ»ን ስንዋስ አማርኛ ደሃ ስለሆነ አይደለም፤ ፋራዴይ የሸሸውን ስሕተት እኛም እንድንሸሽ ነው። «ልባጥ»ንና «ቅልጥ»ን ስንመርጥም ለቋንቋችን ስለምንቆረቆር ብቻ አይደለም፤ አንጥረኛውና የማድቤት ሴቶች ልዩነቱን አስቀድመው ስላወቁት ነው። የአንድ ስያሜ መፈተኛ ቃሉ ከየት መጣ የሚለው ሳይሆን፣ አንባቢው ከሰማ በኋላ ምን ያደርጋል የሚለው ነው።

በመግቢያው የተጠቀሰው ዐረፍተ ነገር በመጨረሻ እንዲህ ታርሟል፤ «ኦክስጅኑ የተቀነሰለት የግራፊን ኦክሳይድ በካቶዱ ገጽ ላይ በስሱ ተለበጠ»። ለዚያው ተማሪ ተመልሶ ተሰጠው። በዚህ ጊዜ የጠየቀው «ኦክስጅኑስ ወዴት ሄደ?» የሚል ነበር። ይህ የኬሚስትሪ ጥያቄ ነው፤ ለመምህሩም ተላለፈለት።